አርባ አንዱ ገጽ

ሰኞ 2

ሥራ አስኪያጇ ጠዋት ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዝጋው አላለችም፤ እንግዲያው ክፉ ነገር አይደለም ብዬ ገባሁ።

የእኛ ፕሮግራም የሚሠራው ነገር ቀላል ነው። ንድፍ የሚሠሩ ቢሮዎች ፋይላቸውን ያስቀምጡበታል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል፤ የትናንቱን ከዛሬው ለይቶ ይይዛል። አንዱ ሰው ፋይል ላይ ሲሠራ ሌላው እንዳይነካበት ይቆልፍለታል፤ ሠርቶ ሲጨርስ ወደ ማዕከሉ ይልከዋል። እኔ ደግሞ የዚህን ፕሮግራም መመሪያ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። መመሪያው አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ደርሷል፤ ከመጀመሪያው ቨርዥን እስከ ስድስተኛው ያለው ሁሉ እንደ ድሪቶ እላዩ ላይ ተለጣጥፏል።

«ስድስተኛውን የገዛ ሰው ስለ ሦስተኛው ለምን ያነባል?» አለች። «ያረጀውን ሁሉ ለይተህ ከመንገድ አውጣልኝ። ሁለት ሳምንት አለህ።»

«በድሮው የሚሠሩ ደንበኞች አሉ እኮ።»

«ለእነሱ በኋላ ለብቻው እናወጣለን።» ፈገግ ብላ ጨመረች፤ «ከዚያ ስለ ቦታህ እንነጋገራለን።»

ስለ ቦታዬ። የፈገግታውን ትርጉም ሳሰላስል ዋልኩ። ቦታዬ መስኮት አጠገብ ነው፤ እሱን ማለቷ ግን አይመስለኝም።

ሐሙስ 5

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለፉት ዓመታት አንድ ነገር ሲያረጅ ያየ ሰው ሁሉ «ጊዜው ያለፈበት» የሚል ምልክት ሲያደርግበት ኖሯል። አሁን ምልክት ያለባቸው ክፍሎች ተሰብስበው በተራ ይቀርቡልኛል። አነባለሁ፤ «አንብቤአለሁ» የሚለውን እጫናለሁ፤ ክፍሉ ከመመሪያው ይወጣል። ሰው ያላነበበው አንድም ነገር እንዳይወጣ ነው። ይህን ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ከአራት ዓመት በፊት፣ ስብሰባ ላይ፣ ጠረጴዛ እየደበደብኩ።

የሚያስቅ ነገር ሞልቷል። «ሁለተኛውን ዲስክ አስገብተው ድምፁ እስኪቆም ይጠብቁ።» የተዘጋ ቅርንጫፍ ስልክ ቁጥር። አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ «ይህን ክፍል በሚቀጥለው ሳምንት እናሟላለን» ይላል። የተጻፈው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ጸሐፊው እኔ።

እሑድ 8

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ የፊት ለፊቱን ክፍል የልብስ ስፌት ካደረገችው ወዲህ ከቤታችን ወንበር ልብሱ ላይ ክር ሳይዝ የሚነሣ ሰው የለም። ዛሬ እጇ ሥራ ስለያዘ መርፌ ውስጥ ክር አስገባልኝ አለችኝ። ሁለቴ ሳትኩ። ሦስተኛው ላይ፣

«መርፌው እዚህ ነው፤ እዚያ ያለው ጣቴ ነው» አለች።

«ክሩ ጫፉ ተተርትሯል።»

«አሁን የፈታሁት ክር ነው።»

«እንግዲያው መርፌው ነው።»

ልትለካ የመጣችው ጎረቤት ሳቀች። እትዬ አልሳቀችም። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መነጽር አጥልቃ ራሷ አስገባችው፤ በአንድ ጊዜ።

ማክሰኞ 10

ዛሬ ያነበብኩት ሃያ ሦስት ገጽ ብቻ። ቀርፋፋ ነኝ። የጠረጴዛዬ አምፖል ደካማ ነው። የጥገናውን ሰው አስጠራሁት፤ ወንበር ላይ ወጣ፣ አየ፣ ወረደ። «ጌታው፣ ይሄ እኮ ባለፈው ወር የቀየርኩት ነው» ብሎኝ ሄደ። ስክሪኑም ልክ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ፊደሎቹ ይዋኛሉ። ውጭ ዝናብ።

ዐርብ 13

አርባ አንድ ገጽ ቀረ። ዛሬ ማለቅ አለበት።

ሥራ አስኪያጇ ለእንግዳ ስትናገር በበሩ ሰማሁ፦ «ዛሬ መመሪያ የሚያነብ ማን አለ ብለህ ነው? ብቻ መኖር አለበት።»

አምስት ሰዓት። አሥራ ዘጠኝ አነበብኩ።

ጨረስኩ። ስድስት ሰዓት አልሞላም። አርባ አንዱንም አይቻለሁ፤ አንድም ሳይቀር። ገና ምሳ አልበላሁም።

እሑድ 15

መመሪያው ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ገጽ ሆነ። ሥራ አስኪያጇ «ይሄ ነው ሥራ» ብላኛለች፤ ሰው ፊት። ነገ ለደንበኞች ይለቀቃል።

እትዬ፣ «ታዲያ ፊትህ ለምን ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ሆነ?» አለችኝ።

ድካም ነው። በእርግጥ አይቻቸዋለሁ። አንድ በአንድ ከፊቴ አልፈዋል። ብዙዎቹ ርእሳቸው ብቻ ታይቶ የሚታወቁ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ርእስ አይቶ ካላወቀ ምኑን ሠራ?

እሑድ 22

ሳምንቱ በሰላም አለፈ። ማንም አልደወለም። ቀለል ብሎኛል። ለምን ከብዶኝ እንደነበር ግን አሁን ሳስበው አላገኘውም።

ዐርብ 27

የደንበኞችን ስልክ የሚያነሣው ባልደረባችን፣ ስልከኛው የምንለው፣ ወንበሩን በእግሩ እየገፋ እስከ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ጓዴ፣ የቧንቧ ሰዎች ደውለዋል።»

የውሃ መሥመር ንድፍ የሚሠራ ቢሮ ነው፤ እስከ ዛሬ በሦስተኛው ቨርዥን ይሠራሉ። አንዲት ነዳፊ ደረጃ ላይ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ቤት ዋለች። ፋይሏ በስሟ እንደተቆለፈ ቀረ። ባልደረባዋ ፋይሉ ሲያስፈልገው መመሪያችንን ከፍቶ «ባለቤቱ የሌለበትን ቁልፍ መፍታት» የሚለውን ገጽ አነበበና እሷ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እንደተጻፈው አደረገ። ቁልፉ ተፈታ። ወደ ማዕከሉ ያልላከችው የስድስት ሳምንት ሥራ ድራሹ ጠፋ።

«መቼ ነው የፈታው?»

«ረቡዕ 18። ምነው?»

«እንዲያው።»

«ሰውዬው መመሪያው ላይ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም ይላል። ነበር እንዴ?»

«ሌላ ነገር ይሆናል» አልኩት።

ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው ብለዋል። አሮጌ ኮምፒውተር ብዙ ያደርጋል።

ሰኞ 30

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። የራሳችንን መመሪያ የምናስቀምጠው በራሳችን ፕሮግራም ስለሆነ የወጣው ሁሉ ከነታሪኩ አለ። ገጹን አገኘሁት።

ምልክቱ የሥዕሉ ነበር። የሥዕሉ ብቻ! በአራተኛው ቨርዥን የፕሮግራሙ መስኮት ቀለም ስለተለወጠ አንድ ሰው ሥዕሉን «ጊዜው ያለፈበት» አለው። በኋላ የገጾቹ አቀማመጥ ሲቀየር ምልክቱ ከሥዕሉ ተንሸራቶ ከሥር ያለውን አንቀጽ በሙሉ ሸፈነ። አንቀጹ አላረጀም። ያነበበ ሰው ወዲያው ያየው ነበር።

ከጎኑ የእኔ ስም፦ አንብቤአለሁ፣ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። የሚቀጥለው ገጽ፣ የእኔ ስም፦ አንብቤአለሁ፣ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት።

አንቀጹ እንዲህ ይጀምራል፦ «ማስጠንቀቂያ። ቁልፉን ከመፍታትዎ በፊት ያልተላኩ ለውጦችን ይላኩ፤ ካልሆነ ከፋይሉ ላይ ይነሣሉ።» የቀረው ደቃቅ ፊደል ነው። አልቀጠልኩም፤ የሚበቃኝን አንብቤ ነበር። አተምኩት፣ አራት ላይ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ለማንም አልነገርኩም። እስካጣራ ነው።

ማክሰኞ 1

ወር ገባ። ነዳፊዋ ራሷ ደወለች፤ ስልከኛው ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጋት።

«እጅዎ እንዴት ነው እመቤት?»

«እጄማ ይድናል። ሥራዬን አገኛችሁልኝ ወይ?»

«እየፈለግን ነው።»

«እስክታገኙት በግራ እጄ ጀምሬዋለሁ። መሥመሬ የሰካራም መንገድ መስሏል።» ራሷ ሳቀች።

ከከተማ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ሰዎቹ ውሃ የሚያገኙት ቦቴ ሲመጣላቸው ነው፤ ንድፉ እስከ 20 ካልገባ ቁፋሮው ለዓመት ይተላለፋል።

«እኔስ እሺ» አለች። «ያ ምስኪን ባልደረባዬ ግን የቅጣት ደብዳቤ ሊጻፍበት ነው። እሱ እኮ መመሪያው ያለውን ነው ያደረገው።»

«በእኛ በኩል ያለው ትክክል ነው እመቤት» አለ ስልከኛው።

እኔ መሳቢያ ውስጥ ጎንበስ ብዬ እስክርቢቶ እፈልግ ነበር። እስክርቢቶው እጄ ላይ ነበር።

ሐሙስ 3

ሥራ አስኪያጇ፦ አዲሱ ቦታህ ጸድቋል፣ እንኳን ደስ አለህ። አመሰገንኩ። ሁለቴ።

እሑድ 6

ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። ብናገር ምን ይገኛል? ሥራዋ እንደሆነ ጠፍቷል። አንቀጹ «ይነሣሉ» ይላል፤ የተነሣ ነገር ተነሣ ነው። እኔ ብናገር ቧንቧው አይመለስም፤ የሚመለሰው እኔ ነኝ፣ ወደ ቤት። ስለዚህ ዝም ማለት ማንንም አይጎዳም።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ደግሜ ሳየው «ማንንም» የሚለው ላይ ቆምኩ። አንድ የማላውቀው ሰው አለ፤ የእኔን ገጽ አምኖ ቁልፉን የፈታ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም።

እትዬ በር ላይ ቆማ፣ «ምን ትጽፋለህ ቀኑን ሙሉ? ፍቅረኛ ያዝክ እንዴ?» አለች።

«ሥራ ነው።»

«ፍቅረኛ ቢሆንማ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሰኞ 7

ቁልፍ የሚፈታውን የፕሮግራሙን ክፍል የሠሩት አቶ ጥንት ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ከድርጅቱ ጋር አብረው ስለተወለዱ ነው እንዲህ የምንላቸው። እሳቸውም ያውቃሉ። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ በሦስተኛው ቨርዥን ቁልፍ ሲፈታ ያልተላከው ሥራ ምን ይሆናል?»

«መመሪያው ላይ ጽፌው የለ?»

«አለ። ማለቴ፣ ነበረ።»

«ታዲያ አንብበዋ! እኔ የጻፍኩት እንዳልጠየቅ ነው። ያ አንቀጽ ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ። ፊደል የቆጠረ ሰው እንዴት አንድ አንቀጽ ያቅተዋል?»

«ኪሴ ውስጥ አለ» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

«ኪስ አያነብም» ብለው ወደ ስክሪናቸው ዞሩ።

ረቡዕ 9

ወረቀቱ ከአንዱ ሱሪ ኪስ ወደ ሌላው ተዛወረ። ነዳፊዋ ዛሬም በግራ እጇ እየሣለች ነው። አንድ ሰፈር ስንት ቧንቧ አለው? አምፖሉን ራሴ ገዝቼ ቀየርኩት። ያው ነው። አባባ በእኔ ዕድሜ ሳለ። ስለ አባባ አልጽፍም።

ቅዳሜ 12

ጠዋት እትዬ ጨርቅ ልትቆርጥ የአንዲት ደንበኛ ልኬት ጥራልኝ አለች። ደብተሩን ይዤ ጠራሁ። ትከሻ፣ ወገብ፣ ርዝመት። ጠመኔዋን አሠመረች፤ ቀና ብላ ጨርቁን አየችው፤ ከዚያ ደብተሩን ቀማችኝ። ስልሳ ስምንቱን ሰማንያ ስምንት ብያለሁ።

«ሴትዮዋ ይህን ቀሚስ ከማን ጋር ነው የምትለብሰው?» አለች።

ስለ ክፍሉ ብርሃን ልናገር አፌን ስከፍት መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ አፍንጫዬ ላይ ሰካችው።

«አባባም እንዲህ ነበር የጀመረው። ጋዜጣው ቀለሙ ደበዘዘ እያለ።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ሐኪም ዘንድ የሄደው ከመሸበት በኋላ ነው። አንተ ገና ረፋድ ላይ ነህ፣ ሞኙ።»

ልቆጣት ፈለግሁ። ግን ክፍሉ ፈክቶ ነበር። የጠመኔው መሥመር፣ የጨርቁ ድርና ማግ፣ እትዬ ዐይን ሥር ያሉ እስከ ዛሬ ያላየኋቸው ሽብሽቦች። ሌላ ነገር እንዳትናገር እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ወረቀቱን አወጣሁ። እዚያው ቅዳጅ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ፣ ካተምኩት በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አነበብኩት።

«…ካልሆነ ከፋይሉ ላይ ይነሣሉ። የተነሡት ለውጦች ግን አይጠፉም። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ‹የተነሡ› በሚባል ፎልደር ውስጥ ሠላሳ ቀን ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ ያጸዳቸዋል።»

ከ18 እስከ ዛሬ ሃያ አራት ቀን። ስድስት ቀርቷል። በጣቴ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት።

«ምን ሆንክ?» አለች እትዬ።

ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የነገርኩት ለእሷ ነው። ስጨርስ፣ «እና ይሄን ሁሉ ቀን በኪስህ ይዘኸው ትዞር ነበር?» ብላ ስልኬን አቀበለችኝ።

አሁን እዚህም ልጻፈው። ከአርባ አንዱ ያነበብኩት አሥራ ዘጠኙን ነው። ሃያ ሁለቱን አላነበብኩም። ዐይኔ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ ዐይኔ መድከሙ እንዳይታወቅብኝ ነው። አንቀጹን እስከ መጨረሻው ያላነበብኩትም በዚያው ምክንያት ነው። ነዳፊዋም በዚያ መዘዝ አሥራ ሁለት ቀን በግራ እጇ ሠራች።

ቢሮአቸው ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል። ቅዳሜ ዝግ ነው። ነገም ዝግ ነው።

ሰኞ 14

ገና እንደገባሁ ለስልከኛው ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ አፏጨ።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? እኔ ደውዬ ‹የቴክኒክ ክፍላችን አገኘው› እላለሁ። አንተን ማን ያነሣሃል? እንዲያውም ጀግና እንባላለን።»

ልክ ነበር፤ ማንም አይጠይቅም። እሺ ልለው ለአፍታ አሰብኩ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ከአፍታ በላይ። ግን ሥራው ቢገኝም ቁልፉን የፈታው ሰውዬ ጥፋተኛ ሆኖ ይቀራል።

«ስልኩን ስጠኝ» አልኩት።

ነዳፊዋ አነሣች። ባልደረባዋን ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጣ የምላትን ትደግምለት ጀመር።

«በስተግራ ዝቅ በል… ‹የተነሡ› የሚል አለ ይላል።»

«ይክፈተው።»

«ክፈተው። አንድ ፋይል አለ።»

«ቀኑስ?»

«18 ይላል።»

ከዚያ መጠበቅ። አሮጌ ኮምፒውተር ፋይል እስኪከፍት ሰው ያረጃል። ስልከኛው ከጎኔ ጥፍሩን ይበላ ነበር። በመጨረሻ ከሩቅ የወንድ ድምፅ «ተመስገን! ኧረ ተመስገን!» ሲል ሰማሁ። እሷ ግን አፍንጫዋን ስትስብ ብቻ ተሰማኝ።

«ሁሉም አለ?»

«አለ። እስከ መጨረሻዋ ቧንቧ።»

ያኔ ነው የተናገርኩት። «ይህን የሚገልጽ አንቀጽ መመሪያው ላይ ነበረ። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳላነብ።»

«ሳያነቡ?»

«ሳላነብ።»

«እና እኔ ይሄን ሁሉ ቀን በዚህ እጅ…» አልጨረሰችውም። ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር። ትንፋሽ ወሰደችና፣ «ይሁን፣ አገኘነው» አለች፤ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። ይቅርታ አልነበረም። ግን ስልኩን አልዘጋችብኝም።

ከጀርባዋ ባልደረባዋ፣ «ምን አለ? ምን አለ? በጽሑፍ ያድርግልኝ በይው!» ይል ነበር።

ማክሰኞ 15

ጻፍኩለት። «ባልደረባችሁ መመሪያውን በትክክል ተከትሏል። መመሪያው ጎደሎ ነበር። ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ አንቀጹን ሳላነብ አንብቤአለሁ ብዬ አስወጥቻለሁ።» ማኅተም ያስፈልገዋል፤ ማኅተሙ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ነው።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው፤ እስከ መጨረሻው።

«ይሄ ደብዳቤ ቦታህን ከማጽደቄ በፊት ቢመጣ ኖሮ አላጸድቀውም ነበር።»

«ያኔም አውቅ ነበር» አልኩ። ማለት አያስፈልገኝም ነበር። አልኩት።

ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣች። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው እየሳቀ አለፈ። «ሁለት ሳምንት ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለማኅተሙ የምትነግረው ይመስል ነበር። «የድሮዎቹን ‹በኋላ› ያልኩትም እኔ ነኝ።» ቀለሙን አስነክታ መታችው። «ሃያ ሁለቱን ታነባለህ፤ በቀን ከሦስት አይበልጥም። መነጽርም ግዛ። ስክሪንህን በአፍንጫህ ስትገፋው እያየሁ ከርሜአለሁ።»

ለካ ሁሉም ያውቃል።

ዐርብ 18

ሐኪሙ ዐይኔ ውስጥ ጠብታ ጨምሮ ብርሃን አበራብኝ። የአባባን ነገር ነገርኩት።

«የአባትህ የለብህም» አለ። «ይሄ ዕድሜ ነው።»

«ዕድሜ ብቻ?»

«አነሰህ እንዴ? በዓመት አንዴ እየመጣህ ታየው።»

ስወጣ በጠብታው የተነሣ መንገዱ ሁሉ ደብዝዞ፣ ዐይኔም ያነባ ነበር። አንዲት ሴት «አይዞህ ወንድሜ» ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ። አላስተባበልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር የማለቅሰው፤ ካለቀስኩ።

እሑድ 20

ንድፉ ከትናንት በስቲያ ገባ። ሰውዬው ላይ የተጻፈው ደብዳቤም ተነሥቶለታል፤ ስልከኛው ነገረኝ። ከሃያ ሁለቱ ስድስት አንብቤአለሁ፤ አንዱ ያለ አግባብ የወጣ ነበር፣ ወደ ቦታው መለስኩት። የቀሩትን እስካይ ድረስ ልቤ ሙሉ በሙሉ አይርፍ እንጂ እንቅልፍ እንኳ ተኝቻለሁ።

ዛሬ ያን አንቀጽ እንደገና ስጽፈው ዋልኩ። አቶ ጥንት የጻፉት አንድም ስህተት የለበትም። ግን ይህን ገጽ የሚከፍት ሰው ደንግጦ ነው የሚከፍተው፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ መጀመሪያውን አንብቦ ይዘጋዋል። ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፤ የመጨረሻውን ፊት አመጣሁት። ረቂቁን ሐሙስ ለት አሳይቻቸው፣ «ይሄ መመሪያ ነው ወይስ ለታመመ ሰው የሚላክ ደብዳቤ?» ብለውኛል። እርሳሳቸውን ግን አላነሡበትም።

ገጹ ከነገ ጀምሮ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

«አይደንግጡ። ሥራዎ አልጠፋም።»